መንገዱ በማን ማሳ ያልፋል? የእግር ጉዞ መሪነትና የአርሶ አደሩ ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ስንዴና ስለ ድንች ገበያ መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ይኸውም እንግዳን በእግር እየመሩ ተራራና ገጠር ማሳየት ለአካባቢው ወጣት የሥራ መስክ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው የሚለው ጉዳይ ነው። «ይህ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጉዳይ እንጂ የገበሬ ማህበር ጉዳይ አይደለም» የሚል አባል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ እግረኛው የሚረግጠው ድንበር የአርሶ አደሩ ነው። ቆም ብሎ ፎቶ የሚያነሳው እርከን በአርሶ አደሩ ጉልበት የተሠራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከማንም በፊት የሚመለከተው የማህበራችሁን አባል ነው።

በአንጋጫና በዱራሜ መካከል የሚገኘው የሀምበሪቾ ተራራ ከባህር ወለል በላይ 3,058 ሜትር ከፍታ አለው። ተራራው ለከምባታ ሕዝብ የታሪክና የማንነት ምልክት መሆኑን በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በተሠሩት 777 ደረጃዎች ምክንያት «ሀምበሪቾ 777» የሚለው ስም ከአካባቢው አልፎ በሌላውም ኢትዮጵያ ታውቋል። ደረጃውን ወጥቶ ከላይ የቆመ እንግዳ ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው የእንሰቱን ጓሮ፣ የስንዴውንና የባቄላውን ማሳ፣ በሣር የተያዘውን እርከን ነው። እንሰቱን የተከለውና እርከኑን የሠራው አርሶ አደር ከእንግዳው መምጣት ምን ያገኛል? ይህ ጥያቄ እንግዳው ሳይበዛ፣ ቅሬታም ሳይፈጠር በግልጽ ሊነሳ ይገባዋል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። የእግር ጉዞ መሪነት ለገጠር ወጣት ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ የሚያልፍበት አርሶ አደር ድርሻው አስቀድሞ ካልተቆረጠለት ሥራው አይዘልቅም።

በኢትዮጵያ የታየው ልምድ

እንግዳን በእግር መምራት በኢትዮጵያ አዲስ ሥራ አይደለም። በስፋት የሚታወቀው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይገኙበታል። ወደ ተራራው የሚወጣ ተጓዥ ከደባርቅ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና ጓዝ የሚጭን በቅሎ ከነነጂው ይይዛል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው አንድ ተጓዥ ጥቂት ቀናት ሲቆይ የሥራ ዕድሉ ቋንቋ ለሚያውቀው አስጎብኚ ብቻ ሳይሆን በቅሎ ላለው ገበሬም ጭምር መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ በሰሜን ሌላም ትምህርት አለ። የፓርኩ ሣር ለዱር እንስሳትም፣ ለገበሬው ከብትም እኩል የሚያስፈልግ በመሆኑ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1996 «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። የግጦሽና የመሬት ጉዳይ ገና ከጅምሩ ከነዋሪው ጋር ካልተቋጨ፣ ውሎ አድሮ ከባዱ ዋጋ የሚወድቀው በገበሬው ላይ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ የተጀመረው ሥራ ደግሞ መልኩ የተለየ ነው። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው በዚህ ደጋ ወረዳ «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው የማህበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ መቋት ማርያም በተባለች ቦታ ተጀምሮ ወደ ሌሎች መንደሮች ሰፋ። የመንደሩ ሕዝብ በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆዎች ሠርቶ እንግዳን ያሳድራል። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ሲሄድ ጓዙን የሚጭኑት የመንደሩ አህዮች ናቸው። ምግቡን የሚያዘጋጁት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚስተናገደው እንግዳ ቁጥር ከስድስት እንዳይበልጥ መደረጉም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከአቅም በላይ ሳይጠሩ በአግባቡ ማስተናገድን መርጠዋል ማለት ነው።

በባሌ ተራሮች ግርጌ ባሉት የአዳባና የዶዶላ ወረዳዎች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ይታገዝ የነበረ የደን ፕሮጀክት ነበር። በዚያም ደኑን ለነዋሪው ማህበር በውል የማስረከብ አሠራር ተሞከረ። «ዋጂብ» በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከ30 ያልበለጡ አባወራዎችን የያዙ ሲሆን፣ የደኑ ይዞታ እንዳይጎድል የመጠበቅ ግዴታ ገብተው የመጠቀም መብት ያገኛሉ። ከዚሁ ጋር በደኑ ውስጥ ለፈረስና ለእግር ተጓዦች ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ ዱሮና ሌሎችም የተባሉ ማረፊያዎች ተሠሩ። ወጣቶች መሪዎች፣ ገበሬዎች ፈረስ አከራዮች ሆኑ። እንግዳው የሚመጣው ደኑ ስላለ ነው፤ ደኑም የቆየው ጠባቂው ጥቅም ስላገኘበት ነው።

በኦሮሚያ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ ደግሞ ለአንጋጫ ቀረብ ያለ ምሳሌ ነው። በወንጪም እንደ ከምባታ ሁሉ እንሰት አለ፣ ደጋ ነው፣ መሬቱ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአካባቢው ነዋሪዎች በማህበር ተደራጅተው አስጎብኚው፣ ፈረስ አከራዩና ጀልባ ቀዛፊው በአንድ ጥላ ሥር መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪ በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ተመርጣለች። በኋላም በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሰፊ ግንባታ ተካሂዶባታል።

በእነዚህ ቦታዎች ከታየው ልምድ ሦስት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሥራው በዘመድና በትውውቅ ሳይሆን በተራ ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ ከገቢው ለጋራ የሚቀመጥ አለ። ሦስተኛ፣ ምን ያህል እንግዳ እንደሚስተናገድ የሚወስነው ባለቦታው ነው። ይህ ለህብረት ሥራ ማህበር አባል እንግዳ ነገር አይደለም።

አየርላንድ፡ ድንች፣ ስደትና የእግረኛ መንገድ

የእግር ጉዞ መሪነት በሙያ ደረጃ ተደራጅቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ በምዕራብ አውሮፓ የምትገኘው አየርላንድ ናት። አገሪቱ ሩቅ ብትመስልም ለአንጋጫ አርሶ አደር በሦስት ነገር ትቀርባለች።

የመጀመሪያው ድንች ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንቹን ቅጠል በቀናት ውስጥ የሚያጠቁርና ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ አየርላንድ ገባ። ይህ በሽታ ዛሬም በክረምት በኢትዮጵያ ደጋማ ወረዳዎች የድንች ማሳን የሚጎዳው ያው በሽታ ነው። ድሃው ገበሬ የሚበላው ድንች ብቻ ስለነበር በተከታታይ ዓመታት በደረሰው ረሃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሞተ። ሁለተኛው ስደት ነው። በዚያው ዘመን ከ1 ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ በአብዛኛው ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ከሀዲያና ከከምባታ ቀዬዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጁን የሸኘ ወላጅ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም። ሦስተኛው ህብረት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በሊምሪክ አውራጃ ድሮምኮሎኸር በተባለች ቦታ የመጀመሪያው የህብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። ሆራስ ፕላንኬት የተባለው መሪ በመራው እንቅስቃሴ የወተት ገበሬዎች በመላ አገሪቱ ተደራጁ።

አየርላንድ በተራራ ከፍታ የምትኮራ አገር አይደለችም። ከፍተኛው ተራራዋ ካራንቱሂል 1,038 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአንጋጫ ከተማ ከፍታ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ብዙ ሺህ ሰው በእግር ለመጓዝ ወደ ገጠሯ ይሄዳል። ለመሪው መነሻ የሚሆነው የተራራው ቁመት ሳይሆን በመሬቱ ላይ ያለው ታሪክ ነው። በብዙ ተራራ ወገብ ላይ ከረሃቡ በፊት ድንች ይተከልበት የነበረው መደብ ሣር ለብሶ እስከ ዛሬ ይታያል። መሪው እንግዳውን እዚያ ያቆምና «ይህን መደብ የቆፈረው ቤተሰብ ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ከእንግዶቹ መካከል የዚያ ስደተኛ የልጅ ልጅ ልጅ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለዛሬው ርዕስ ዋናው ግን የመንገዱ ጉዳይ ነው። በአየርላንድ መሬቱ በአብዛኛው የግል ነው። ከፍ ያለው ተራራ ደግሞ በብዙ ቦታ ገበሬዎች በጋራ በግ የሚያሰማሩበት የወል ግጦሽ ነው። እግረኛ በፈለገው ማሳ የማለፍ አጠቃላይ መብት የለውም። የሚያልፈው ባለመሬቱ ስለፈቀደለት ብቻ ነው። ምልክት የተደረገለት የመጀመሪያው የረጅም ጉዞ መንገድ፣ ከዋና ከተማዋ ከደብሊን ጫፍ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የዊክሎው መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲከፈትም አሠራሩ ይኸው ነበር።

እግረኛው እየበዛ ሲሄድ ሁለት ጥያቄዎች ተነሱ። አንደኛው «እግረኛው በማሳዬ ወድቆ ቢሰበር ተጠያቂው እኔ ነኝ ወይ?» የሚል ነበር። በ1995 የወጣው ህግ ለመዝናናት በሚያልፍ ሰው ላይ ባለመሬቱ ያለበትን ኃላፊነት ቀለል አደረገው። ቢሆንም ስጋቱ አልጠፋም። በ2013 በዊክሎው ተራሮች በእንጨት በተሠራ መረማመጃ ላይ አንዲት ተጓዥ ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎዱ። መረማመጃውን በሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ክስ መሥርተውም በ2016 የሥር ፍርድ ቤት 40 ሺህ ዩሮ ፈረደላቸው። ገበሬዎች ደነገጡ፤ መንገድ ስለመዝጋትም መነጋገር ተጀመረ። በ2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በተራራ ላይ የሚሄድ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን ማየት የራሱ ግዴታ ነው የሚለው አቋም ጸና።

ሁለተኛው ጥያቄ «አጥሩንና መሻገሪያውን የምጠግነው እኔ፣ ገንዘቡን የሚወስደው ሆቴሉ፤ ይህ ተገቢ ነውን?» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ እንዲሆን በ2008 መንግሥት የእግረኛ መንገድ ጥገና መርሐ ግብር አወጣ። በመርሐ ግብሩ መሠረት መንገድ በመሬቱ የሚያልፍበት ገበሬ የጥገናውን ሥራ ራሱ ይሠራል። ሣሩን ያጭዳል፣ ቦዩን ይጠርጋል፣ መሻገሪያውን ያድሳል። ለሠራበት ሰዓት ታስቦ በዓመት ይከፈለዋል። ክፍያው የሚፈጸመው ለሠራው ሥራ እንጂ ለማሳለፉ አይደለም። የገጠር መዝናኛ ባለሙያዎች ተመድበው ከገበሬው ጋር ውሉን ያዘጋጃሉ፣ ሥራውንም ያያሉ። መርሐ ግብሩ ከ2019 ወዲህ ተጨማሪ መንገዶችን እንዲያካትት ተስፋፍቷል።

ክሮ ፓትሪክ የተባለው ተራራ ሁኔታም ለሀምበሪቾ ትምህርት ይሰጣል። 764 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የቆየ የመንፈሳዊ ጉዞ ቦታ ነው። በየዓመቱ በሐምሌ ወር የመጨረሻ እሑድ ብዙ ሺህ ምዕመናን፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግራቸው፣ ይወጡታል። ከእግሩ ብዛት የተነሳ መንገዱ ተሸርሽሮ ቦረቦር ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ባለሙያዎች ከዚያው ተራራ የተገኘ ድንጋይ በእጃቸው እየደረደሩ መንገዱን አድሰውታል። ደረጃ መሥራት የአንድ ወቅት ሥራ ነው። መንከባከብ ግን የየዓመቱ ነው፤ ለዚህም ባለቤት ያስፈልገዋል።

የመንገድ መሪው የዕለት ሥራ

የመሪ ሥራ ከፊት ቀድሞ መሄድ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ሥራው ከዚህ ሰፋ ያለ ነው።

በአየርላንድ ልምድ አንድ መሪ ሥራውን የሚጀምረው በዋዜማው ነው። የአየር ትንበያውን ያያል፤ ዝናብና ጭጋግ ከበረታ መንገዱን ይለውጣል ወይም ጉዞውን ይሰርዛል። ጠዋት እንግዶቹ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ የሚያየው ጫማቸውን ነው። ከዚያም ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ እንዳለ ይጠይቃል። ቁጥራቸውን ይይዛል፣ በየማረፊያው መልሶ ይቆጥራል። ፍጥነቱን የሚለካው በጎበዙ ሳይሆን በደካማው ነው። የአጥር በር ተዘግቶ ካገኘው አሳልፎ ይዘጋል፤ ተከፍቶ ካገኘውም እንደተከፈተ ይተወዋል፤ ባለከብቱ ያን ያደረገው በምክንያት ነውና። በጎች በሚወልዱበት ወቅት ውሻ ይዞ የመጣን እንግዳ ይመልሳል።

መሪ ለመሆን ሥልጠና አለው። ሠልጣኙ በካርታና በኮምፓስ በጭጋግ ውስጥ መንገድ መለየትን ይማራል። የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠትን ይማራል። በተለያዩ ተራሮች ላይ ያሳለፋቸውን ቀናት በመዝገብ ይጽፋል። በመጨረሻም በፈታኝ ፊት መርቶ ያሳያል። በተራራ ላይ አደጋ ሲደርስ የሚጠሩት የነፍስ አድን ቡድኖች በአብዛኛው የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ሥራው ወቅታዊ መሆኑም መታወቅ አለበት። በበጋ እንግዳ ይበዛል፣ በክረምት ይሳሳል። ስለዚህ ብዙ መሪዎች ሌላ ሥራ ይዘው ይሠራሉ፤ በግ የሚያረባም፣ የሚያስተምርም አለ።

ለሀምበሪቾና ለአካባቢው ምን ይበጃል?

ከላይ ከተጠቀሱት ልምዶች በመነሳት የአካባቢው ማህበራትና የመንግሥት አካላት ሊመክሩባቸው የሚገቡ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፣ መንገዱ ከነባለይዞታዎቹ ይመዝገብ። በኢትዮጵያ ህግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን አርሶ አደሩ በይዞታው የመጠቀም መብት አለው። እግረኛ ከተራራው ወርዶ ወደ መንደር የሚገባበት መንገድ በየትኛው አባወራና እማወራ ይዞታ እንደሚያልፍ ተለይቶ፣ ስምምነቱ በቀበሌው ፊት በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። ያልፈቀደ ሰው ይዞታ አይነካም፤ መንገዱ ይዞራል።

2ኛ፣ የጥገና ሥራ ይከፈልበት። በክረምት ውሃ የሚሸረሽረውን መንገድ የሚጠርገው፣ ድንጋይ የሚያነሳው፣ ደሾ ሣር የሚተክለው ባለይዞታው ሆኖ በሠራበት ቀን ልክ ይታሰብለት።

3ኛ፣ መሪዎቹ የአካባቢው ልጆች ይሁኑ። ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በአገልግሎት ህብረት ሥራ ማህበር ሊደራጁ ይችላሉ። የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለዚህ በር ይከፍታል። የመጀመሪያ ዕርዳታና የቋንቋ ሥልጠና ለማግኘት ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር መነጋገር ይቻላል። ሥራው በተራ ይሰጥ፤ የተራው መዝገብም ለሁሉም ክፍት ይሁን።

4ኛ፣ ክፍያው በአንድ ደረሰኝ ይሁን። እንግዳው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ በታወቀ ዋጋ ይክፈል። በየመታጠፊያው እጅ የሚዘረጋ ልጅ ካለ እንግዳው ተመልሶ አይመጣም፤ ልጁም ከትምህርቱ ይቀራል።

5ኛ፣ ክፍፍሉ በጠቅላላ ጉባዔ ይወሰን። ለምሳሌ ያህል አሥር እንግዶች በነፍስ ወከፍ 200 ብር ቢከፍሉ 2,000 ብር ይሆናል። ከዚህ 600 ብር ለመሪዎቹ፣ 600 ብር መንገዱ ለሚያልፍባቸው ቤተሰቦች፣ 500 ብር ምግብና ቡና ለሚያዘጋጁ ሴቶች፣ 300 ብር ለጥገናና ለመጠባበቂያ ቢመደብ፣ ባለይዞታዎቹ 12 ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው 50 ብር ይደርሳል። 50 ብር ጎተራ አይሞላም። በወር ስምንት ጊዜ ቢመጡ 400 ብር ይሆናል፤ ይህም ቢሆን ለጨውና ለጋዝ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም አርሶ አደሩ መንገዱን እንደ ራሱ ሀብት እንዲያይ ያደርገዋል። ምንም የማያገኝበትን መንገድ ግን በሚቀጥለው ዓመት ቢያርሰው ማን ይፈርድበታል?

6ኛ፣ መሪው የሚያሳየው ነገር ከተራራው ጫፍ አይጀምር፣ እዚያም አያብቃ። የዶዮገና እርከኖችና የተሻሻሉ በጎች ባለሙያዎች ከሩቅ መጥተው የሚያዩአቸው ናቸው። የአጆራ መንታ ፏፏቴም በአቅራቢያ አለ። እንሰት ከተከላ እስከ ቆጮ ያለው ሂደት ለብቻው የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። ይህን ሁሉ ከአርሶ አደሩ ልጅ የተሻለ ማን ያስረዳል?

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የበሽታ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አፍተግር ከእንግሊዝ ወደ አየርላንድ እንዳይዛመት ሲባል እግረኛ ወደ ማሳና ወደ ተራራ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበር። በአየርላንድ ሪፐብሊክ በሽታው የተረጋገጠው በአንድ ቦታ ብቻ ቢሆንም መሪዎችም፣ የገጠር ማረፊያዎችም ወራት ያለ ገቢ አሳልፈዋል። ያም ሆኖ ክልከላው ትክክል ነበር፤ ከእንግዳው ገቢ ይልቅ የገበሬው መንጋ ይበልጣልና። በከምባታና በሀዲያ ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው የታመመ እንሰት በቆረጠ ቢላዋና በሌሎች መሣሪያዎች ነው። ስለዚህ መሪው ለማሳየት ብሎ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው በአንድ ቢላዋ እንሰት መቁረጥ የለበትም። መሣሪያ መጠቀም ግድ ከሆነ በእሳት ወይም በበረኪና ይጽዳ። የታመመ እንሰት ወዳለበት ጓሮም እንግዳ አይገባም።

ሁለተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። እንሰት መፋቅ አድካሚ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም ሴቶች ናቸው። እንግዳ ቆሞ እንዲያያቸው ወይም ፎቶ እንዲያነሳቸው የሚፈቅዱት ራሳቸው ናቸው። ክፍያውም በቀጥታ በእጃቸው ሊገባ ይገባል።

ሦስተኛው የአደጋ ጉዳይ ነው። በክረምት ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ጭጋጉ መንገድ ይሰውራል፤ በቁመቱ ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሰው ቢጎዳ በቃሬዛ ማን ያወርደዋል፣ ወደየትኛው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ የሚለው እንግዳ ከመጋበዙ በፊት መልስ ያግኝ። አየርላንዶች ጉዳዩን እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወስደውታል። እዚህ ግን ከፍርድ ቤት በፊት በስምምነት ጽሑፉ ላይ «ባለይዞታው በእግረኛ ጉዳት አይጠየቅም» የሚል አንቀጽ ለማስገባት የህግ ባለሙያ ማማከር ይቀላል።

አራተኛውና ዋነኛው ሞፈሩን አለመስቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ፣ በመቀጠልም በሰሜኑ ጦርነትና በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት በሰሜን ተራሮችና በላሊበላ አካባቢ እንግዳ ሲጠፋ፣ ከቱሪዝም በቀር ሌላ መተዳደሪያ ያልነበረው ሰው ከማንም ይልቅ ተቸግሯል። እንግዳ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይቀራል። እንሰቱ ግን ጓሮ አለ። መሪነት ለእርሻው ደጋፊ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባም። ስንዴውን የሚያጭድ ወጣት በአጨዳ ሳምንት ተራውን ለጓደኛው ማስተላለፍ የሚችልበት ደንብ ከተበጀ ሁለቱም ሥራ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፣

ይህ ሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የተነሳውን ወጣት ሁሉ ያስቀራል ማለት አይቻልም። ጥቂት ልጆችን በቀያቸው ሊያቆይ፣ ጥቂት እናቶችን በእጃቸው ገንዘብ ሊያስይዝ፣ የተራራውንም መንገድ ከመሸርሸር ሊያድን ይችላል። ይህም ቢሆን የሚሆነው ስምምነቱ ከእንግዳው ከቀደመ ብቻ ነው። የአየርላንድ ገበሬ መንገዱ ከተከፈተ ከ28 ዓመት በኋላ ነው የጥገና ክፍያ ያገኘው። የአንጋጫና የአካባቢው አርሶ አደር ያን ያህል መጠበቅ አይኖርበትም፤ ምክንያቱም እሱ ማህበር አለው፣ ዩኒየን አለው፣ ጠቅላላ ጉባዔ አለው።

ስለሆነም መሠረታዊ ማህበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔያቸው «የእግረኛው መንገድ በማን ይዞታ ያልፋል? ለባለይዞታውስ ምን ይደርሰዋል?» የሚለውን በአጀንዳነት ቢይዙት፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶችም ውጤቱን ተቀብለው ከመሪዎቹ ማደራጀት ጋር ቢያያይዙት፣ የዛሬው ንግግር ግቡን ይመታል።